የግልምጫ ምርመራ

በኤምአርአይ ክፍሉ ደጃፍ የተቀመጠው ሰውዬ ክራቫቱን እስከ ጉሮሮው አጥብቋል፤ ጉልበቶቹ ግን ለክራቫት ደንታ የላቸውም፣ ይንቀጠቀጣሉ። የሚያንቀጠቅጠውን በሽታ የወረሰው ከአባቱ ነው፤ ሌላ የሚወረስ ነገር አልነበረም። አባትዬው በመንገዳገዱ ሰፈሩ በሙሉ ሰካራም ሲለው ኖሮ፣ አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ ሞተ።

በሽታውን የሚያጠኑት ተመራማሪዎች የሰውዬውን አንጎልና ኅብለ ሰረሰር በየዓመቱ ያነሳሉ። «ድንቅ ምስል!» ይባባላሉ፣ የምስሉን ባለቤት ሰላም ሳይሉ። ዛሬ፣ በሽታው ወደ እሷም አልፎ እንደሆነ ሊታይ፣ የገባችው ሴት ልጁ ናት። ውጤቱ ለተጠኚ አይነገርም፤ ደንብ ነው። እውቀት ለሰው ልጅ ሁሉ ይበረከታል፣ ከታማሚው በስተቀር።

ሰውዬው ግን የራሱ ምርመራ አለው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ጤነኛውን ሁሉ የሚያመናጭቅ፣ ግልምጫው ለአገር የሚተርፍ ሰው ነው። ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ምስል ተነስቶ ሲወጣ ግን ይኸው ባለሙያ ወንበር ስቦ፣ «ቀስ ይበሉ ጋሼ» ብሎ ክንዱን ያዘው። መታመሙን ሐኪም ሳይነግረው ያን ጊዜ አወቀ።

አሁን ማሽኑ ጩኸቱን አቆመ። ሰውዬው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጆሮውን ወደ በሩ አስጠጋ።

«አንቺ! እንቅልፍሽን ቤትሽ ተኚ! ቶሎ ልበሺና ውጪልኝ፣ ሥራ አለብኝ!»

ልጅቷ በንዴት ጨሳ ወጣች። «አባዬ፣ ይሄን ባለጌ ሰማኸው? ለአለቃው ነው የምናገረው!»

«ተይው ልጄ» አለ፣ ክራቫቱን እያላላ። «እንደሱ ያለ ጨዋ የት ይገኛል?»