አለቃዬና የረቡዕ ቁርስ

አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ እሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት አረጋውያንንና ሕመምተኞችን ቤታቸው ድረስ ሄደው የሚንከባከቡ ሠራተኞችን ይቀጥር ነበር። ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉ የአገሬ ሴቶች ናቸው። የሰው ኃይል ክፍላችን፣ ሁሉም ኤችአር የሚለው፣ ሁለት ሰው ብቻ ነበረው፦ አለቃዬና እኔ። አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ፐርሶኔል ስለሠራሁ ሥራውን የማውቀው መስሎኝ ነበር የገባሁት። እዚያ ፐርሶኔል ማለት ማኅደር ነበር፤ የዓመት ፈቃድ መመዝገብ፣ ደብዳቤ መፈረም፣ ፋይሉን መልሶ መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ። እዚህ ግን ማን ታመመ፣ ማን ተፋታ፣ ማን ሊባረር ነው፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚደርሰው እኛ ጋ ነው። ከእኛ ደግሞ ወዴትም አይሄድም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። ማይክሮዌቩ አጠገብ ቆመው የሚያወሩት ሴቶች እኔ ስገባ ወሬውን ወደ በረዶውና ወደ ትራፊኩ ይለውጡታል። መጀመሪያ ሰሞን በአማርኛ ስለማወራቸው የሚቀርቡኝ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም አማርኛ መስማቴ ነው ያራቃቸው፤ ፈረንጆቹ ፊት በነፃነት የሚያወሩትን እኔ ፊት አያወሩትም። ምሳዬን ጠረጴዛዬ ላይ መብላት ጀመርኩ።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቁኝ። ልጃቸው ከእኛ ዘንድ ከሥራ ከወጣች ሁለት ሳምንቷ ነው።

"ልጄን ለምንድን ነው ያስወጣችኋት?" አሉኝ።

"እማማ፣ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ስለሆነ መናገር አልችልም።"

"ለእኔ? ለእናቷ?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለማንም አይፈቀድልኝም።"

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ልጅቷ ለእናቷ ያልነገረቻቸው ነገር ስለነበረ ነው ወደ እኔ የመጡት። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ "እግዚአብሔር ያሳይሽ" ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ኋላ ቆሜ ማሳረጊያው እንዳለቀ መውጣት ለመድኩ።

አለቃዬ ከደቡብ የመጣች ረዥም ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች፤ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች። በአማርኛ ቢሆን እርስዎ ነበር የምላት። በእንግሊዝኛ ሁሉም እኩል ስለሆነ አንቺ አልኳት፤ እስከ መጨረሻውም እንደከበደኝ ቀረ። ባል አልነበራትም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ብቻዋን ትኖር ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ምሳ ስበላ ብዙ ጊዜ አይታኝ አልፋለች። አንድ ቀን ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እዚህ ሕንፃ ውስጥ ጓደኛ አይኖርሽም" አለችኝ። "ብትፈልጊም አይሆንም፤ ነገ የምታስወጪው ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሕንፃው ውጭ ፈልጊ። ይሄን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ እንዳንቺ ናቸው።"

በወር አንድ ጊዜ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ የአካባቢው የኤችአር ባለሙያዎች ክሪስታል ሲቲ አንድ ሆቴል ውስጥ ቁርስ ይበላሉ። ንግግር ይሰማሉ፤ ካርድ ይለዋወጣሉ። ሳትጠይቀኝ አስመዘገበችኝ።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ስሜ የተጻፈበትን ወረቀት ደረቴ ላይ ለጥፌ ገባሁ። ሰው ሁሉ ሦስት ሦስት፣ አራት አራት እየሆነ ቆሟል፤ ቀረብ ብሎ መሐላቸው መግባት እንዴት እንደሚቻል አላወቅሁም። እኛ አገር ሰው እንግዳ ሲሆን አንድ ሰው እጁን ይዞ ያስተዋውቀዋል። እዚህ ራስህን ነው የምታስተዋውቀው፤ ያውም በሠላሳ ሴኮንድ፣ ማን እንደሆንክና ምን እንደምትችል። ስለ ራሴ ጥሩ ነገር መናገር ነውር ሆኖብኝ ከተቆረጡት ፍራፍሬዎች አጠገብ ቆሜ ሐብሐብ በላሁ። አንዱ ሰውዬ ካርዱን ሰጥቶኝ፣ ዓይኑን ከትከሻዬ በላይ ወደ ሌላ ሰው ልኮ፣ "እንደዋወል" ብሎኝ አለፈ። እኔ የምር መስሎኝ በሳምንቱ ኮል አደረግኩለት። ማን እንደሆንኩ አላስታወሰም።

ይህን ለአለቃዬ ስነግራት አልሳቀችም። "እኔም የመጀመሪያውን ዓመት ሽንት ቤት ገብቼ ነበር የማሳልፈው" አለችኝ። "ሁሉንም ማወቅ የለብሽም። በየወሩ ሁለት ሰው አነጋግሪና ወደ ቢሮ ተመለሺ።"

እንዲህ እያልኩ አንድ ዓመት ሄደ። ካርዱ በዛ፤ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ በላስቲክ አሥሬ አስቀመጥኩት። ደውሎ ደህና ነሽ ወይ የሚለኝ ግን አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት የሙያ ፈተናውን ውሰጂ አለችኝ። ፈተናውን ያለፈ ሰው ከስሙ ኋላ የሚጽፋቸው ፊደሎች አሉ፤ ያለእነሱ ረዳት ሆኖ መቅረት ነው። መጽሐፉ የአሜሪካ የሥራ ሕግ ከዳር እስከ ዳር ነው፤ ብቻዬን ሳነበው እንቅልፍ ይወስደኛል። "ቅዳሜ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ነይ፤ እኔ አስጠናሻለሁ" አለች። ላንድማርክ ሰፈር ካለው አፓርታማዬ በአውቶቡስ ቫን ዶርን ባቡር ጣቢያ፣ ከዚያ በሰማያዊው ባቡር፣ መሐል ከተማ ላይ ወደ ቀዩ ቀይሬ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር የሚፈጅብኝ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መስኮት አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ነበረን። እሷ ካርድ ላይ ጥያቄ ጽፋ ትመጣለች፤ እኔ እመልሳለሁ። ስሳሳት አታርመኝም፤ ካርዱን ገልብጣ ታስቀምጠውና ከአምስት ጥያቄ በኋላ እንደገና ታወጣዋለች።

አራት ወር ቅዳሜዬን እንዲህ አሳለፍኩ። ከዚህ አገር ኑሮዬ ሰው የሚጠብቀኝ ቦታ የነበረኝ ያን ጊዜ ነው ማለት እችላለሁ። ስለ ግል ሕይወታችን ብዙ አናወራም ነበር። እናቷ ሰሜን ካሮላይና እንዳለችና እየረሳች እንደሆነ፣ እኔም እናቴ ስትሞት ለቅሶዋ ላይ ሳልደርስ መቅረቴን፣ ከዚያ ብዙም አላለፍንም።

ፈተናውን አለፍኩ። ኬክ ገዝታ ቢሮ ይዛ መጣችና ሠራተኛውን ሰብስባ፣ "ከዛሬ ጀምሮ እኔ ብታመምም ይሄ ክፍል አይዘጋም" አለች። ሁሉም አጨበጨበ። የድርጅቱ ኃላፊም በሩ ላይ ቆሞ እያጨበጨበ ነበር።

በዚያው ዓመት ኢኮኖሚው ወደቀ። ደንበኛ ቀነሰ፤ ሌይ ኦፍ የሚሉት ሠራተኛ መቀነስ ተጀመረ። ወረቀቶቹን አለቃዬና እኔ ስናዘጋጅ ከረምን። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ።

"ክፍልሽ ውስጥ ሁለት ሰው መያዝ አልችልም" አለኝ። "አንቺ አሁን ሥራውን ችለሽዋል። ዓርብ ዕለት እነግራታለሁ። ወረቀቷን አንቺ አዘጋጂ። እስከዚያ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ።"

"እሷ ናት ያስተማረችኝ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ። "ጥሩ አድርጋ ነው ያስተማረችሽ።"

በማግስቱ ረቡዕ ነበር፤ የቁርሱ ቀን። እንደ ልማዳችን በእሷ መኪና ሄድን። ያን ዕለት ከምንጊዜውም ይልቅ ደስ ብሏት ነበር። ክንዴን ይዛ ከሰው ሰው እያዞረች፣ "ይቺን ሴት እወቋት፤ በአንድ ጊዜ ነው ያለፈችው" ትላለች። ሰዎቹ እጄን ይጨብጣሉ፤ ካርድ ይሰጡኛል። ሁለት ዓመት ያልተከፈተልኝ በር በአንድ ጠዋት ተከፈተልኝ። የቀረበልኝን እንቁላል ሳልነካው ሳህኑን ገፋ አደረግኩት።

"አሞሻል?" አለችኝ።

"ሆዴን ነው" አልኳት።

ስንመለስ፣ መንገድ ላይ፣ ቅዳሜ የአዲስ መኪና ግዢ ውል ልትፈርም እንደሆነ ነገረችኝ። የድሮው መኪናዋ እናቷ ድረስ አያደርሳትም፤ በየወሩ እየሄደች ልታያት አስባለች። ስለ ቀለሙ ታወራለች። እኔ እጄን ጭኔ መሐል አድርጌ መስኮቱን አያለሁ። መናገር ሥራዬን ብቻ ሳይሆን እሷ ራሷ ያስተማረችኝን መሻር ነው። ዝም ማለት ደግሞ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ቃል አላገኘሁለትም።

"ትንሽ ብትቆዪ አይሻልም?" አልኩ በመጨረሻ።

"ለምን?"

"እንዲሁ ነው። ጊዜው መጥፎ ስለሆነ።"

ቀይ መብራት ላይ ቆመን ነበር። ዞር ብላ አየችኝ። ሠላሳ ዓመት ሰው ስትቀጥርና ስታሰናብት የኖረች ሴት ናት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ጥሩንባ እስኪነፋ ድረስ አልነዳችም። ከዚያ ሬዲዮውን ከፈተች፤ ቢሮ እስክንደርስ አልዘጋችውም።

ዓርብ ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዋ ባዶ ነበር። የእናቷ ፎቶ የለም፤ መሳቢያዎቹ ተጠርገዋል። ኃላፊው ሲጠራት ቦርሳዋን ይዛ ነው የገባችው። እኔም እንደ ደንቡ ምስክር ሆኜ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ከዚያ እስክሪብቶ አወጣች።

"የጤና ኢንሹራንሴ የሚያበቃበት ቀን ተሳስቷል" አለችኝ። "የወሩ መጨረሻ ነው እንጂ ዛሬ አይደለም። በሌላ ሰው ላይ እንዳትሳሳቺው።"

ቀኑን አርማ ፈረመች። ስትወጣ የማንንም እጅ አልጨበጠችም።

ቢሮዋ ለእኔ ተሰጠኝ። ደወልኩላት፤ አላነሳችም። መልእክት ተውኩ፤ ሌላም ተውኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ እንዳለበት ሰው በጠዋት እነሳና የምሄድበት አጣለሁ።

ከአራት ወር በኋላ ቁርሱ ላይ አየኋት። ሥራ የሚፈልጉ ሰዎች ስማቸው ጎን አረንጓዴ ክብ ይለጥፋሉ፤ ሌላው አይቷቸው ሥራ ካለ እንዲነግራቸው ተብሎ ነው። እሷም ለጥፋለች። ድሮ ገና ከበሩ ስትገባ የሚከቧት ሰዎች ክቡን እያዩ፣ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ሰላምታ እየሰጡ፣ ወደሌላ ይዞራሉ። መጥፎ ሰዎች ሆነው አይመስለኝም፤ እንደሚጋባ በሽታ የፈሩት ይመስለኛል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ያን ቀን መኪና ውስጥ" አለችኝ፣ "ልትነግሪኝ ነበር ወይስ ልትደብቂኝ?"

"አላውቅም" አልኳት። እውነቴን ነበር።

"ብትነግሪኝ እቀበልሽ ነበር። ዝም ብትይም እቀበልሽ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ። ግማሹን ነግረሽኝ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ብቻዬን ሳስበው ከረምኩ።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"መኪናውን አልገዛሁም" አለችና ቡናዋን ጠጣች። "ለሱ አመሰግናለሁ።"

ከዚያ ወዲህ ስደውልላት ማንሳት ጀመረች፤ ግን ወሬያችን አጭር ነበር። ወደ ክረምቱ መጨረሻ እናቷ ያለችበት ከተማ ውስጥ ካለ ሆስፒታል ሰው ደወለልኝ፤ ስለ እሷ ሊጠይቀኝ። መመሪያችን የሥራ መደቧንና የሠራችበትን ጊዜ ብቻ እንድናገር ይፈቅዳል። በሩን ዘግቼ የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። የኢንሹራንሱን ቀን ማረሟን ሳይቀር። ሥራውን አገኘች፤ ሲልቨር ስፕሪንግን ለቃ ሄደች። ለገና አንድ ካርድ ላከችልኝ። ከዚያ እኔም እሷም መደዋወሉን ተውን።

እኔ እዚያው ቆየሁ። ዓመታት አለፉ። ቁርሱን በሚያዘጋጀው ማኅበር ውስጥ አዲስ የሚመጡትን የሚቀበል ኮሚቴ አባል ሆንኩ፤ ሠላሳውን ሴኮንድ ሳልንተባተብ እናገረዋለሁ። ስገባ ስሜን የሚጠሩ ብዙ ናቸው።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥሮቹ አጋማሽ ላይ የሐሞት ጠጠር በቀዶ ጥገና ወጥቶልኛል። ጠዋት ሆስፒታል ስደርስ ፎርም ሰጡኝ። በድንገተኛ ጊዜ የሚጠራ ሰው የሚል መስመር አለው። አዲስ ለሚቀጠር ሰው ሁሉ ይህን መስመር ባዶ አትተዉ እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። እስክሪብቶዬን ይዤ ቆየሁ። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸውን የማውቃቸው በሰላምታ ነው። በመጨረሻ የአለቃዬን ቁጥር ጻፍኩ።

ነርሷ አይታ፣ "ይሄ የሌላ ስቴት ቁጥር ነው። ቅርብ ያለ ሰው የለም?" አለችኝ።

"እሷ ናት ያለችኝ።"

ስነቃ ነርሷ የጻፍኩት ቁጥር ጋ ደውላ ስልኩን አቀበለችኝ። አለቃዬ ነበረች፤ ድምጿ ጎርነን ብሏል።

"ማን ነው ወደ ቤት የሚወስድሽ?"

"ታክሲ።"

"ተደንዝዞ ለነቃ ሰው ታክሲ አይፈቅዱም። ፖሊሲውን ሳትጠይቂ ነው የገባሽው?"

"ቆዪ" ብላ ዘጋች። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዲት ሴት መጣች። ከቁርሱ የማውቃት ናት፤ አናንዴል ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ኤችአር። ከአምስት ዓመት በላይ ሰላም ተባብለናል፤ ከሥራ ውጭ አንድም ነገር ተነጋግረን አናውቅም። አለቃዬ ደውላላት ከስብሰባ ተነሥታ ነው የመጣችው። መኪናዋ ውስጥ አስገባችኝ፤ መድኃኒቴን ገዛች፤ አፓርታማዬ በር ድረስ ደግፋ አደረሰችኝ። ቤቴን ስታይ ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሳህን መደርደሪያው ላይ። ውሃ ቀድታ አጠገቤ አስቀመጠችልኝና፣ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ማምጣት ስላለባት፣ ይቅርታ ጠይቃ ሄደች።

ፀሐይዋ ገና አልገባችም ነበር። ከላይኛው ፎቅ ሰው ሲራመድ ይሰማል። ስልኬን አንሥቼ አለቃዬ ጋ ደወልኩ፤ ቤት ገብቻለሁ ልላት። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው። ስለ እናቷ ጠየቅኳት፤ ባለፈው መጋቢት እንደሞተች ነገረችኝ።

"አልነገርሽኝም" አልኳት።

"ለማን እንደምደውል አላወቅሁም ነበር" አለችኝ።

ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን ሳንዘጋ ቆየን።