ለቅሶ የመጣው የመድን ሰው

እሪ በከንቱ ሰፈር በተተከለው የልብስ ሰፊው የዘገዬ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ በሩ ጥግ፣ አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር። ክርኑ ያብረቀረቀ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ንፍሮ ሲያዞሩለት በሁለት እጁ ተቀብሎ ኪሱ ይከተዋል፤ ለማን እንደሚወስደው ማንም አያውቅም።

የሟቹ ሚስት የሺዓለም ታውቀዋለች። ፒያሳ ልብስ ስፌት ቤታቸው ድረስ እየተመላለሰ አምና ለባሏ የሕይወት መድን የሸጠለት እሱ ነው። «አይዞህ ወንድሜ፣ ሳሉን አታንሳው። ጤነኛ ነኝ በል፤ ለልጆችህ ብለህ ነው» ያለውም እሱ ነው።

ጎረቤቷ እትዬ አልጋነሽ ደረታቸውን እየመቱ ሟቹን ያወድሳሉ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ደም እየተፋ ሰፋ፤ አንድ ቀን እንኳ ሳይተኛ።»

ሰውየው ቀና አለ። «ሦስት ዓመት?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«ጓድ ሥራ አስኪያጁ አጣራ ብለው ልከውኝ ነው። ሕመሙን ደብቆ ተዋውሎ ከሆነ ለልጆቹ አይከፈልም።» ወደ የሺዓለም ዞረ፤ ዓይኑን ግን ከጫማው አላነሳም። «ስንዋዋል ያስለው ነበር እንዴ?»



«እርስዎም እኮ አጠገቡ ነበሩ» አለችው በቀስታ።

«አላስታውስም፣ እመቤቴ» አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ፣ እንደ ቅርብ ዘመድ ያለቅስ ጀመር።