ማተብ የታሰረላት የሌሊት ወፍ

ከላሊበላ እስከ ጋሸና የሺሃረግን የማያውቅ ነጋዴ ካለ፣ ገና ትናንት ንግድ የጀመረ መሆን አለበት። ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ዝናዋ ግን በሽንኩርቱ አይደለም። ገበያ ገብታ ሸክሟን ሳታራግፍ የምትጠይቀው ጥያቄ አላት፦ የሌሊት ወፍ በአገራችሁ መጥቷል? ወይስ ሄዷል? ሰው ይስቅባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ መልሱን ሳትቀበል ግን አትላቀቅም።

ነገሩ የተጀመረው ባሏ በሞተ ዓመት ነው። ከመንደሯ በላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ ጸበል የሚፈልቅበት ዋሻ አለ። ሲመሻሽ የሌሊት ወፎቹ ከዚያ ሲወጡ እያየች ነው ሐዘኗን የቻለችው። ኅዳር ላይ ውርጩ ሲበረታ ጥለው ይሄዳሉ፤ ክረምት ሲገባ ይመለሳሉ። የት ከርመው? ይህ እንቅልፍ ነሳት። አንድ ቀን በረዶ የጣላት ወፍ አገኘችና በነጠላዋ ጠቅልላ አሞቀቻት። ስትለቃትም ከገዛ ማተቧ አንድ ሰማያዊ ክር መዝዛ እግሯ ላይ ላላ አድርጋ አሰረችላት። ላልተጠመቀ ፍጥረት ማተብ! ለማንም ትንፍሽ አላለች።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ሽማግሌዎቹ መከሩ። የወፎቹ ኩስ ጸበሉን ስላቆሸሸው፣ እነሱ በሌሉበት የዋሻው አፍ በሽቦ ይዘጋ ተባለ። የሺሃረግ ይመለሳሉ ብላ ለመነች። እንደወጡ ቀርተዋል ብለው አሰናበቷት።

በዚያው ሳምንት ጋሸና ላይ፣ ከወልድያ በታች ካለው ቆላ ማንጎ ይዛ የመጣችውን ረሒማን እንደልማዷ ጠየቀቻት። ረሒማ አልሳቀችም።

«ማንጎዬን ሲበሉብኝ ከርመው ባለፈው ጁምዓ ሄዱ» አለች። «አንዷማ እግሯ ላይ ሰማያዊ ክር ታስሮላት፣ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥላ አየኋት። ማን አሰረላት እያልሁ ስገረም ነበር።»

የሺሃረግ ሽንኩርቷን ለረሒማ አደራ ሰጥታ ወደ አገሯ በሚሄደው መኪና ተሳፈረች። መንገዱን ሁሉ ስታወጣ ስታወርድ መጣች። የክሩን ነገር ካልተናገረች ማን ያምናታል? ከተናገረች ደግሞ በማተብ ቀለደች ተብላ ከቁርባን ልትታገድ ነው፤ ለእሷ ከዚህ የከፋ ነገር የለም።

ስትደርስ ሽቦው ተዘርግቶ ሚስማር እየተመታ ነበር። የነፍስ አባቷ አባ ቢሆነኝ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆመዋል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዲህ ያለውን ነገር ማውጣት ቀላል አይደለም፤ እሷ ግን ተንበርክካ አንድም ሳታስቀር ተናገረች።

አባ ቢሆነኝ «የክርስትና ስሟን ማን አልሻት?» ሲሉ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። የሺሃረግ አለቀሰች።

«መንገድ ላይ ናቸው አባቴ። ያን ሁሉ አገር አቋርጠው መጥተው፣ ቤታቸውን ተዘግቶ ሊያገኙት ነው።»

አባ ሳቁን በእጃቸው አስቆሙ። ሽቦው እንዲነቀልና ጸበሉ ብቻ በቆርቆሮ እንዲከደን አዘዙና ወደ እሷ ዞሩ።

«ማተብ መጫወቻ አይደለም፤ ንስሐ አለብሽ» አሉ። «በየዓመቱ፣ ወፎቹ እስኪገቡ ድረስ፣ ማታ ማታ እዚህ ደጅ ቆመሽ ትጠብቂያቸዋለሽ።»

የሺሃረግ መስቀላቸውን ተሳልማ ተነሣች፤ በቅጣቷ እንዲያ ደስ እንዳላት እንዳያዩባትም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።