እሬትና ቁርበት

አያ አማረን ጽጽቃ ገበያ ላይ ያየው ሰው ዝምተኛ ይለዋል። ምኑ! ከፍየሎቹ ጋር ሲሆን አፉ አይከደንም። በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ይሰድባቸዋል፣ በኽምጣንጋ ያባብላቸዋል። አማርኛውን የሚያወጣው ለእንግዳ፣ ለዳኛና ለቄስ ነው፤ እሱንም ቃል እየመረጠ ነው የሚናገረው። ሚስቱ ፀጋ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የሚጋሩት ግልገሎቹ ብቻ ናቸው። የደጋው ብርድ ለግልገል አይራራም፤ ጅቡም አይራራም። ስለዚህ ግልገሎቹ ሲመሽ ከመደቡ ሥር ይገባሉ፤ እሱ ከላይ በፀጋ ቁርበት ላይ ይተኛል።

ይህን ቁርበት እንደ ተራ ቁርበት እንዳታዩት። ፀጋ አዲስ ሙሽራ ሳለች በገዛ እጇ ያለፋችው የቀይ በሬ ቁርበት ነው። ልጃቸው ምንዋጋው የተወለደው በእሱ ላይ ነው፤ ፀጋም ያረፈችው በእሱ ላይ ነው። አያ አማረ እንግዳ ማክበር ሲፈልግ ቁርበቱን ይለቅለታል። ከዚያ የሚበልጥ ነገር ቤቱ ውስጥ የለም።

ባለፈው የካቲት ምንዋጋው ሚስቱንና ልጁን ይዞ መጣ። ምንዋጋው ሰቆጣ ከተማ አናጢ ነው፤ ሚስቱ ሰላማዊት ከቡሬ በኩል ተመድባ የመጣች አስተማሪ ናት። ልጃቸው ትሁት ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ አያቷ ግን አይቷት አያውቅም ነበር። አንዴ መንገድ ይዘጋል፣ አንዴ መኪና ይጠፋል፣ አንዴ ልጅቱ ታመመች ይባላል፤ እንዲህ እንዲህ እየተባለ ልጅቱ በእግሯ ሄደች፣ አፏንም ፈታች።

አያ አማረ ደግሞ ስለት ነበረበት። የልጁን ልጅ በዓይኑ ካየ፣ በኪዳነ ምሕረት ንግሥ ዕለት በትከሻው ተሸክሞ ታቦቷን ሊያስከትላት ተስሏል። ሌላው ሰው ዣንጥላ ይሳላል፣ ጧፍ ይሳላል። እሱ ያለው ትከሻ ነው፤ እሱንም እርጅና ሳይወስድበት ሊሰጥ ቸኩሏል።

እንግዶቹ እንደገቡ ቁርበቱን ከመደቡ ላይ አራግፎ ለሰላማዊትና ለልጅቱ አነጠፈ። «የእናታችሁ ነው፤ ደልቷችሁ ተኙ» አለ። እሱና ምንዋጋው በሩ አጠገብ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተጋደሙ።

በማግስቱ ጠዋት ትሁት ዓይኗን ሳትገልጥ እግሯን ትፎክት ጀመር። ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጉልበቷ ቀይ ቀይ ሆኖ አባብጧል። አያ አማረ ጎንበስ ብሎ አየና ወዲያው ፍርዱን ሰጠ።

«አበርገሌ ወርዳችሁ ነበር አይደል?»

«አዎ አባ፣ ለሙሉሰው ሠርግ» አለ ምንዋጋው። ሙሉሰው የአክስቱ ልጅ ነው።

«በቃ! የቆላ ትንኝ ነው። ሲነክስ አይታወቅም፤ ደጋ ሲወጡ ነው የሚፈላው።»

ሰላማዊት ነጠላዋን እስከ እጇ ሳብ አድርጋ «ይሆናል አባ» አለች። መሬት መሬት ነበር የምታየው። አያ አማረ የምራት ጨዋነት ነው ብሎ ወደደላት።

እንግዲህ ሕክምናው ተጀመረ። ከገደሉ አፋፍ ወፈር ያለ የእሬት ቅጠል ቆርጦ አመጣና ግድግዳ ላይ አቁሞ አንጠፈጠፈው። ቢጫው ፈሳሽ ራሱ ቆዳ ያቃጥላል፤ እሱ ተንጠፍጥፎ ካላለቀ ለሕፃን አይሆንም። እስከዚያው ጨርቅ በገንቦው ቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ እግሯ ላይ አኖረላት። ከዚያ የቅጠሉን ልጣጭ በቢላ ገፎ ውስጡን፣ ያን እንደ እንቁላል ነጭ የሚያንሸራትተውን፣ እያንዳንዱ እብጠት ላይ በጣቱ ቀባላት። ሰላማዊትም ጥፍሯን በጥፍር መቁረጫ አሳጠረችላት።

«አትከኪው፤ ስትቧጭሪው ይናደዳል» አላት አያቷ። «እንዲህ መታ መታ አድርጊው፤ ያፍርና ዝም ይላል።»

ትሁት መታ መታ አደረገችው። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተችና ፊቷን ጨመደደች። «ኡፍ! አባባ መራራ ነው!» ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አያ አማረ እንደዚያ የሳቀበትን ቀን ማስታወስ ያቅተዋል።

በማግስቱ ግን አዲስ እብጠት ወጣ። እንደገና ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ እንደገና እሬት። ከሰዓት ይሻላታል፣ ትጫወታለች፣ ከግልገሎቹ ጋር ትሮጣለች፤ በነጋታው ደግሞ ከበፊቱ ብሶባት ትነሳለች። አያ አማረ አልሰለቸም። እንዲያውም እውነቱን እንናገር ካልን ደስ ብሎት ነበር። ልጅቱ ገና ከመደቡ ስትወርድ እግሯን ዘርግታ «አባባ ቀባኝ» ትለዋለች፤ ይህን ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቋል!

ጎረቤቱ ዘመነ ሊጠይቅ መጥቶ ነገሩን ሲሰማ ሳቁ መጣ። «በዚህ ብርድ ትንኝ? ጋቢ ለብሳ ነው የመጣችው?»

«ከአበርገሌ ይዘዋት የመጡት ነው አልኩህ እኮ!»

ዘመነ ወደ ግልገሎቹ አየ፣ ወደ ቁርበቱ አየ፣ ወደ ሰላማዊትም አየ። በምራቱ ፊት ሰው አይዋረድም ብሎ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ።

ንግሡ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ምንዋጋው አባቱን ደጅ ጠራው። ቆቡን በእጁ እያዟዟረ «አባ፣ ነገ በጠዋት እንነሳለን» አለ። «እግሯ መቁሰል ጀምሯል። ሐኪም ቤት እናሳያት።»

«ንግሡስ?»

«ለከርሞ ይሆናላ፣ አባ።»

ለከርሞ! አያ አማረ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ለከርሞ ትከሻው ይኖራል? እሱ ራሱስ ይኖራል? ልጁን ሊቆጣ አሰበ፤ ግን የሚቆጣበት ምክንያት አጣ። የቆሰለ ልጅ አይታከም ይባላል እንዴ? አንድ ነገር ብቻ ቀረው፤ ዛሬ እከኩ ከቆመላት ምናልባት ሐሳባቸውን ይቀይሩ ይሆናል።

ከገደሉ ትልቁን ቅጠል ቆረጠ። ሰላማዊት ልብስ ልታጥብ ምንጭ ወርዳለች፤ ምንዋጋው ከጓሮ የተሰበረ በር ይጠግናል። እኩለ ቀን ነበር። ትሁትን እግሯን አጥቦ እሬቱን አወፍሮ ቀባትና ቁርበቱ ላይ አስተኛት። እንዳታክ ሊጠብቃት አጠገቧ ቁጭ አለ። በበሩ የገባው ፀሐይ ልክ እግሯ ላይ አርፏል።

ልጅቱ እንቅልፍ ወሰዳት። አያ አማረ እግሯን እያየ ሳለ፣ እሬቱ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ ተንፈራገጠ። ቆሻሻ መስሎት ሊያነሳው ጎነበሰ። ቁንጫ ነው። በዝልግልጉ ተይዞ መዝለል አቅቶታል። ገና በጥፍሩ ሳያነሳው ሌላው ከቁርበቱ ጠጉር ውስጥ ዘለለና ተረከዟ ላይ አረፈ። የቁርበቱን ጠጉር በእጁ ገለጠው። ወይ ጉድ! እዚያ ውስጥ ያለው ቤተሰብ የእሱን መንደር ያህላል።

አያ አማረ ፊቱ ጋለ። ጠዋት ጠዋት በእሬት ያከማትን ልጅ ሲመሽ በገዛ እጁ ለቁንጫ ሲሰጣት ነው የሰነበተው። የአበርገሌ ትንኝ! እሱ ስሙን ሲያጠፋው የሰነበተው ትንኝ ምንም አላደረገም። ማንም አላየውም፤ ቁንጫውን ጨፍልቆ ዝም ቢል ነገ ይሄዳሉ፣ ቤቱም ስሙ እንደተጠበቀ ይቀራል። ይህን ለአንድ አፍታ አሰበና በራሱ አፈረ። ልጅቱን በጋቢው ጠቅልሎ ወጣ።

«ምንዋጋው! ልጅህን የበላት የኔ ቤት ነው።»

ምንዋጋው መዶሻውን አስቀመጠና አቀረቀረ። ያ ማቀርቀር ሁሉን ነገር ተናገረ።

«ታውቅ ነበር?»

«የእማዬ ቁርበት ነው አባ። ምን ብዬ ልንገርዎት?»

ሰላማዊት የታጠበውን ልብስ ተሸክማ ደረሰች። አያ አማረ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺስ?»

እሷም ልብሱን አስቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ከልጅቱ እግር የባሰ ነበር። «ደረቴ ላይ ነበር የማስተኛት» አለች፤ «እየተንከባለለች ትወርድብኛለች።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሻል? አትናገሪም?»

«ከራስዎ ሥር አውጥተው ነው የሰጡኝ አባ። ቁንጫ አለው ብዬ ልመልስልዎት?»

አያ አማረ የተረፈውን ቅጠል አነሳና «ክንድሽን ዘርጊ» አላት። የልጁን ሚስት እንደ ልጅቱ ቀባት። እሷ ዓይኗን እንባ ሞልቶት ነበር፤ እሱም ከእሷ አይሻልም።

«ሂዱ፤ አልቀየምም» አለ ሲጨርስ። «ነውሩ የኔ ነው።»

«ስለቱስ?» አለች ሰላማዊት። «ቤቱን እናጽዳውና እንቆያለን እንጂ።»

ያን ቀን ማንም አልተቀመጠም። ለግልገሎቹ ደጅ ላይ ዙሪያውን በእሾህ ታጠረላቸው። ወለሉ ተጠርጎ በእበት ተለቀለቀ፤ ልብሱ ሁሉ ፍል ውሃ ገባ፤ ምንዋጋው ከጓሮው እንጨት አልጋ ቢጤ መታ። ቁርበቱ ብቻ ቀረ። ምንዋጋው «ፀሐይ ላይ እናስጣው» አለ፤ አያ አማረ ግን የሚፈላውን ውሃ ራሱ አንስቶ አፈሰሰበት። የለፋ ቆዳ ፍል ውሃ ሲነካው እንደሚኮማተርና እንደማይመለስ ያውቃል። ተኮማተረ። «ፀጋ ብትኖር እሷ ራሷ ትቀድመኝ ነበር» አለና ፊቱን አዞረ።

በንግሡ ዕለት ትሁት በትከሻው ላይ ተቀመጠች። እግሮቿ በደረቱ ላይ ተንጠልጥለው፣ እብጠቱ ጠፍቶ ጠባሳው ብቻ ቀርቶ፣ ታቦቷን እስከ ማደሪያዋ ተከተሉ። ዘመነ «አያ፣ ወገብህን!» እያለ ከኋላ ይጮህበታል። እሱ ግን አልሰማም።

በማግስቱ ሻንጣው ከታሰረ በኋላ ልጅቱ ወደ መደቡ መጥታ እግሯን ዘረጋች። «አባባ ቀባኝ።»

«ምንም የለሽም እኮ፣ ድነሻል።»

«ቀባኝ!»

ይቺን ልጅ ሲያያት ያስፈራው የነበረው አንድ ነገር ነው፤ የአያቷን ቤት ስታስታውስ እከኩን ብቻ እንዳታስታውስ። ሄዶ ቅጠል ቆረጠ፣ አንጠፈጠፈ፣ ላጠ፣ ደህናውን እግሯን ቀባላት። እሷ ደግሞ ከእጁ ላይ ጠራርጋ ወሰደችና ወደ እሱ ቅልጥም ዞረች። የዓመታት የቁንጫ ጠባሳ የሞላበት፣ እሱ ራሱ ልብ ብሎ አይቶት የማያውቀው እግር ነው። «እዚህም አለ» አለች፣ በትንሽ ጣቷ እየቀባች፤ «እዚህም አለ፣ አባባ።»

ፀጋ ከሞተች ወዲህ ያንን እግር የነካው ሰው የለም። ቅዝቃዜው ሲገባው፣ ያ ሁሉ ጠባሳ በአንድ ጊዜ ያሳክከው ጀመር። አያ አማረ እግሩን ይዞ እየሳቀም እያለቀሰም ምራቱን ቀና ብሎ አያት።

«ለካ እኔንም ሲበላኝ ነው የኖረው» አላት።