ማፍያው ለልጁ ሲደውል

ነገሩን የቀሰቀሰው የላስቲክ ሽታ ነው። ልጄ በፖስታ የመጣላትን የፊልም ዲስክ ማሸጊያ በጥፍሯ ስትቀደው ያ አዲስ የፋብሪካ ሽታ አፍንጫዬ ድረስ መጣ። ቀና ብዬ ሽፋኑን ሳየው ሰውየው ራሱ! ጥቁር መነጽር፣ ነጭ ሱፍ፣ ከንፈሩ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች ሲጋራ፣ ከጀርባው ቀይና ሰማያዊ የኒዮን መብራት። ጮህኩ ነው የምልሽ። "ማሚ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ በእንግሊዝኛ፤ የእኔ ልጅ አማርኛው የሚመጣላት ሲርባት ብቻ ነው። "ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ፣ ቤታችን ይመጣ ነበር" አልኳት።

እውነቴን ነው፣ በየእሁዱ ይመጣ ነበር።

ያን ጊዜ የምንኖረው ኖርዝጌት የሚባል ሰፈር፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነው። እኔና እናቴ ከአዲስ አበባ ገና መምጣታችን ነበር። አባቴ ቀድሞን የመጣው እኔ ጡት ሳልጥል ስለሆነ፣ ኤርፖርት አበባ ይዞ የቆመውን ሰው ስስመው ከፎቶው ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። አስራ ሁለት ዓመቴ ነው። ሰው በአስራ ሁለት ዓመቱ "አባዬ" ማለት እንዴት ይጀምራል? እኔ አልቻልኩም፣ አፌን ያዘኝ። የምፈልገው ነገር ሲኖር ዞር እስኪል እጠብቃለሁ። ካልዞረ እስላለሁ። ሲብስብኝ ደግሞ "ይቅርታ፣ እርስዎ" እላለሁ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ እንደተቀመጠ ሽማግሌ። እናቴ ስትቆጣኝ እሱ "ተያት፣ ትልመደኝ" ይላትና ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። አንጀቴን ይበላኝ ነበር፣ ግን ቃሉ አይወጣልኝም።

እናቴ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሊንውድ ያለ ሆቴል ሥራ ትገባለች። ስለዚህ ከሰዓቱ ለእኔና ለእሱ ብቻ ይቀራል። ወይ ጭንቅ! ዝናቡ መስኮቱን ይመታል፣ ማሞቂያው ይንቋቋል፣ እኔ ከሶፋው አንድ ጫፍ፣ እሱ ከሌላው ጫፍ። "በላሽ?" "በላሁ።" "በረደሽ?" "አልበረደኝም።" በቃ፣ ወሬያችን አለቀ።

አባቴ የሚሠራው አንድ የቻይና ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ነበር፣ ሰሃን አጣቢ። ጃኬቱ ሁልጊዜ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። አንድ እሁድ የቪዲዮ ካሴት ይዞ መጣ፤ የኩሽናው ሽማግሌ ሼፍ፣ የሆንግ ኮንግ ሰው፣ "ለልጅህ" ብሎ የሰጠው። ለልጅ የማፍያ ፊልም! ቋንቋው ካንቶኒዝ ነው፣ ከሥሩ ጽሑፍ የለው፣ ምን የለው። ካሴቱ ከመቀዳቱ ብዛት የሰዎቹ ፊት እንኳ በቅጡ አይለይም።

"ምንም አይገባኝም" አልኩ።

"እኔ እተረጉምልሻለሁ" አለኝ።

"ቻይንኛ ይችላሉ?"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ኩሽና ውስጥ ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለሽ!"

አመንኩት። መጀመሪያ ላይማ ያሳምናል፤ "ሽጉጡን አስቀምጥ ይለዋል"፣ "ጓደኛችን ከድቶናል ይለዋል" እያለ ወረደ። ከዚያ ማፍያው ኒዮን የሚያበራበት ጎዳና ዳር ስልክ ሳጥን ውስጥ ገባ፣ ሳንቲም ከተተ፣ መስታወቱን ተደግፎ ረጅም ነገር አወራ። አባቴ መተርጎሙን አቆመ። "ምን እያለ ነው?" አልኩት።

"ለልጁ ነው የሚደውለው" አለ፣ ዓይኑን ከቲቪው ሳያነሳ። "'ልጄ፣ የረሳሁሽ እንዳይመስልሽ። እኔ ከሥራ ስወጣ አንቺ ትምህርት ቤት ነሽ። ድምፅሽን ልስማ ስል ደግሞ የስልክ ካርዱ ያልቅብኛል' ይላታል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሰዎቹ መጡበት" አለ፤ ተኩሱም ተጀመረ። መጨረሻ አካባቢ፣ ማፍያው የወደቡን ደረጃ መውጣት ሲጀምር ተነስቶ ካሴቱን አወጣውና "እዚህ ላይ ያልቃል" አለኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ካሴቱን ራሴ ከተትኩት። እንግዲህ ጉዱን ስሚ፤ ማፍያው በየሳምንቱ የሚያወራው ይለያያል! አንድ እሁድ አሻንጉሊት ገዝቶ የሚልክበት ሰው እንዳጣ ነገራት። ሌላ ጊዜ፣ ፎቶዋ ኪሱ ውስጥ ስላለ ሱሪውን ከማጠቡ በፊት ኪሱን ደጋግሞ እንደሚፈትሽ። ሌላ ጊዜ ደግሞ "ሽሮ ልሠራ ብዬ አረረብኝ" አላት።

"ቻይና ሽሮ ይበላል እንዴ?" አልኩት።

"ሆንግ ኮንግ የሌለ ነገር የለም" አለኝ ኮስተር ብሎ።

ሳቄን ዋጥኩት። ያኔ ማን እየደወለ እንደሆነ ገባኝ። ግን አላስነቃሁበትም፤ ካወቅኩበት መደወሉን ያቆማል ብዬ ፈራሁ።

ፀሐይ ብቅ ያለችበት አንድ እሁድ ነው። ማፍያው ስልኩን አነሳ፣ አባቴም ጀመረ። "'ልጄ፣ አሁን እንኳ ቅርብ ነሽ። ግን ከየት ጀምሬ እንደማወራሽ...'" አለና አቋረጠው። ማፍያው ማውራቱን ቀጥሏል፣ አስተርጓሚው ግን የለም። ከዚያ ሰውየው ዝም ብሎ የሚያዳምጥበት ቦታ ደረሰ። አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

"እስቲ ይሄን አንቺ ተርጉሚው" አለኝ ቀስ ብሎ። "ልጅቷ ምን አለችው?"

ጆሮዬ እስኪግል ድረስ ጨነቀኝ። "'አባዬ' አለችው" አልኩ። "'አባዬ፣ እየሰማሁህ ነው፣ ስልኩን አትዝጋው።'"

አባቴ ተነስቶ ወደ ኩሽና ሄደ፣ ቧንቧውን ከፈተና የታጠበ ሰሃን እንደገና ያጥብ ጀመር። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ይሰማኛል። የዚያን ቀን ፊልሙን እኔ አጠፋሁት።

አሁን አባዬ እዚሁ ሾርላይን ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው፤ ጉልበቱ ቢያስቸግረውም ደህና ነው፣ ተመስገን። ዲስኩን መጀመሪያ ያየነው እኔና ልጄ ነን። ምስሉ ጸድቷል፣ ቀለሙ ፏ ብሏል፣ ከሥሩም በእንግሊዝኛ ተተርጉሟል። ስልክ ሳጥኑ ጋ ስንደርስ ወደ ቲቪው ተጠጋሁ። ለካ ሰውዬው የሚደውለው ለልብስ ሰፊው ነው! ሱሪው አጥሮበት! ቁርጭምጭሚቴ እየታየ ሰው ፊት እንዴት ልቁም ብሎ ይጨቃጨቃል። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ፣ እየሳቅኩም እንባዬ መጣ። ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ መጨረሻውን አየን። ደረጃው ላይ ይገድሉታል፣ በዚያ ነጭ ሱፉ። አባዬ ይሄን ነበር የሚደብቀኝ።

ትናንት ከቅዳሴ መልስ አባዬን ሶፋው ላይ መሀላችን አስቀመጥነው። ሽፋኑን ሲያይ "ውይ፣ ወዳጄ!" አለ። ከዚያ ዞር ብሎ፣ "ጽሑፍ አለው እንዴ?" አለኝ።

"የለውም አባዬ" አልኩት፤ በሪሞቱ አጥፍቼዋለሁ። ልጄ አፏን ልትከፍት ስትል በክርኔ ነካኋት። አባዬ ሽፋኑ ላይ 'የእንግሊዝኛ ትርጉም አለው' የሚለውን ጽሑፍ አየት አደረገና ፈገግ አለ።

ማፍያው ስልኩን አነሳ። የዲስኩ ምስል ደግሞ እንደ ካሴቱ አይሸፍንም፤ ሰውዬው ቁልቁል ወደ እግሩ እያየ ሲነጫነጭ ወለል ብሎ ይታያል። ልጄ ወደ አያቷ ተጠጋችና በአማርኛ፣ አዎ በአማርኛ፣ "አባባ፣ ምንድነው የሚለው?" አለችው።

"ለልጁ ነው የሚደውለው" አለ አባዬ። "'ደርሻለሁ፣ ቤት ነኝ' ይላታል።"

"እግሩን ለምን ያያል?" አለች ተንኮለኛዋ፣ ሁሉን እያወቀች።

አባዬ ትንሽ አሰበ። "መንገዱ ረጅም ነበር" አለ። "እግሩ ደክሞታል።"

ማፍያው ደረጃውን መውጣት ሲጀምር አባዬ እንደ ድሮው ሊነሳ ሞከረ፣ ጉልበቱ እምቢ አለው። እኔ በሪሞቱ አጠፋሁለት። "እዚህ ላይ ያልቃል" አላት ለልጄ።

እሷም አልተከራከረችም። ዲስኩን አውጥታ ወደ ማኅደሩ እየመለሰች፣ "አባባ" አለችው፣ "በሚቀጥለው እሁድስ ምን ይላታል?"