ቶሎ ያለቀው ጉባኤ

ኬሩቦ ናይሮቢ ባለው ቢሯችን የቪዲዮ መጠን እየቀነሰች ኢንተርኔት ላይ መጫን ከጀመረች አስራ አንድ ዓመት ሆናት። ሰው አታምንም፤ የምታምነው ሰዓቷን ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ኮምፒውተሩን ያደክመዋል፣ ዝም ያለ ግድግዳ ግን ቶሎ ያልቅለታል ትላለች።

ማክሰኞ ዕለት ሙቲሶ የሚባል የአንድ ሰባኪ ረዳት፣ አርባ ሺህ ሰው የተሰበሰበበትን ጉባኤ ቪዲዮ በፍላሽ ይዞ መጣ። የእንዲህ ያለውን መጠን መቀነስ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። በአስር ደቂቃ አለቀ። ኬሩቦ የገመጠችውን ማንዳዚ አስቀመጠች።

«ሙቲሶ፣ ይሄ ሕዝብ በሕይወት አለ?»

«ምን ማለትሽ ነው እህቴ? እልል ሲል አትሰሚም?»

«እልልታውንማ ሰማሁ።»

ስክሪኑ ላይ፣ ከሕዝቡ ኋላ ቢጫ ጃንጥላ የያዘች ሴት ላይ ጣቷን አሳረፈች። ቪዲዮውን ወደፊት ብታስሮጠውም ጃንጥላው ንቅንቅ አላለም። ከፊት ሦስት ረድፍ ሰው ይዘላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ፎቶ ነው።

«የዚያን ቀን ንፋስ አልነበረም» አለ ሙቲሶ።

«ንፋስ ከሌለ ሰው አይተነፍስም?»

ፍላሹን ነቅሎ ወጣ። እኔ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን ጠፋ። የሠርጌንም ቪዲዮ መጠን ቀንሳ የጫነችልኝ እሷ ናት። ሰው ሁሉ ጨፈረልኝ እያልኩ አወራለሁ፤ በስንት ደቂቃ እንዳለቀ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።