ከሱ የሚሻሉ ብዙ አሉ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን። በየዓመቱ ፊታቸው ቀርቤ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ የገደፍኩትን ጾም ዘርዝሬ ስነሳ ይቺን አንዷን ደብቄ ተመልሻለሁ። ዛሬ የምናገረው የዋህ ሆኜ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ሰው ሲያመሰግነኝ መስማት አንገሽግሾኛል። አባቴን ዘጠኝ ዓመት ለኩላሊት እጥበት ያመላለስኩ፣ የሐኪሙን ቃል ለሳቸው፣ የሳቸውን ለሐኪሙ ያደረስኩ እኔ ነኝና በቀብራቸው ቀን «ለአባቷ አንደበት የነበረች ልጅ» ተባልኩ። የምን አንደበት? ምን እንዳደረግሁበት ቢያውቁ ኖሮ ከድንኳኑ ያስወጡኝ ነበር።

ወንድሜ ሚክያስ የቤዝቦል ተጫዋች ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ክሬሰንት ታውን የሚባል ሰፈር ስንኖር ሾርትስቶፕ ነበር፤ ቤዝ ከሚባሉት የሜዳው ምልክቶች በሁለተኛውና በሦስተኛው መሀል ቆሞ የተመታውን ኳስ የሚለቅመው ማለት ነው። ቶሮንቶ ስንመጣ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እሱ ገና አፉን አልፈታም ነበር። እናታችን ብዙም ሳትቆይ ሞተች። የሱ አማርኛ «ና»፣ «ብላ»፣ «ተኛ» ላይ ቆሞ ቀረ፤ የአባዬ እንግሊዝኛ ደግሞ ዳቦ ፋብሪካ ዕድሜያቸውን ቢፈጁም ከሰላምታ አላለፈም። አባትና ልጅ ቁም ነገር መነጋገር ሲፈልጉ እኔን ይጠሩኝ ነበር።

ሚክያስ አስራ ስድስት ዓመት እንደሞላው አሰልጣኙ እሑድ ከሰዓት ቤታችን መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ የገባ ጨዋ ሰው ነበር። ፍሎሪዳ ውስጥ ወጣቶች የበረዶውን ወራት የሚሠለጥኑበት ካምፕ አለ፤ ትልልቆቹ ቡድኖች ተጫዋች የሚመለምሉት እዚያ ነው፤ ለሚክያስ ቦታ አግኝቼለታለሁ አለ። ወጪ የለበትም፤ የጎደለው የአባት ፊርማ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ በትክክል ተረጎምኩ። አባዬ ብዕር አምጪ አሉኝ።

ብዕሩን ከያዙ በኋላ ነው ቀና ያሉት። «አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አሉ። «እውነቱን ይንገረኝ። ልጄ ይችላል ወይ?»

ጠየቅሁት። አሰልጣኙ ወደ አባዬ ዞሮ፣ ቀስ እያለ፣ በቀጥታ ለሳቸው የሚናገር ያህል መለሰ። በአሰልጣኝነት ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም፤ ሌሎቹ ኳሱን ይከተላሉ፣ እሱ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቀዋል፤ ልጅዎ የተለየ ነው አለ።

እኔም እንዲህ ብዬ ተረጎምኩ፦ «ደህና ልጅ ነው፣ ግን ከሱ የሚሻሉ ብዙ አሉ ይላል። ቢሞክር አይከፋም ነው የሚለው።»

ለምን? አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሩቅ ከተማ፣ ሃሊፋክስ የሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኝ ነበር። አባዬ «ብትሄጂ እኔን ሐኪም ቤት ማን ያመላልሰኛል?» አሉኝ፤ በቃ፣ ቀረሁ። ለኔ ብዕር አምጪ ያለ የለም። ትችላለች ወይ ብሎ ስለኔ የጠየቀ የለም። ያን ቀን ሶፋው ላይ ጓንቱን ታቅፎ የተቀመጠውን ወንድሜን ሳየው ደሜ ፈላ። ይኸው ምክንያቱ። ልጅ ነበርሽ አትበሉኝ፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሳላስበው ከአፌ ያመለጠኝም አይደለም፤ አውቄ፣ መርጬ፣ አባቴን የሚያቆማቸው የትኛው ቃል እንደሆነ አስቤ ነው የተናገርኩት።

አባዬ ብዕሩን አስቀመጡ። «ለአይከፋም ብዬ ልጄን ከትምህርቱ አላርቅም» አሉ። ለአሰልጣኙ አባቴ አልፈቀዱም አልኩት። ሚክያስ በእንግሊዝኛ «ያለውን ሁሉ ነገርሽው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉንም አልኩት። አባቱን ለረጅም ጊዜ አያቸው። እሳቸው በሐዘኔታ ነበር መልሰው የሚያዩት፤ እሱ ግን ንቀት መሰለው።

ወንድሜ መጋዘን ዕቃ እየጫነ፣ በየሜዳው እየተጫወተ አራት ዓመት ቆየ። በመጨረሻ አንድ ቡድን በዝቅተኛው እርከን አስፈረመው፤ ሁለተኛው ቤዝ ላይ አቆሙትና በአውቶቡስ ከአንዱ ትንሽ ከተማ ወደ ሌላው ይዞር ጀመር። አብረውት የጀመሩት ርቀው ሄደዋል። ከኛ በመኪና ሁለት ሰዓት በማይሞላ ቦታ ሲጫወት ሁለት ትኬት ላከልን። የማያውቁት ሰው ሠርግና ለቅሶ የማይቀሩት አባቴ አልሄድም አሉ። «ሲሳሳት ቆሜ ማየት አልችልም» አሉኝ። ለሚክያስ አሞአቸዋል አልኩት።

እዚህ ላይ ብቆም ይሻለኝ ነበር። ግን የባሰውን አልነገርኳችሁም። ባለፈው ፀደይ፣ አባዬ የእጥበቱ ማሽን ላይ ተኝተው ሳለ፣ ሚክያስ ተወርውሮ ኳስ የሚይዝበትን ቪዲዮ በስልኬ አሳየኋቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ «ያ ሰውዬ ያን ቀን ምን ነበር ያለው? እስኪ ደግመሽ ንገሪኝ» አሉኝ። ረስተውት አይደለም። ሌላ መልስ ፈልገው ነው። ፊታቸው ላይ አየሁት። ምን ይጎዳኝ ነበር? ሃሊፋክስ የለ፣ ቅናት የለ፣ የቀረኝ ውሸታም መባል ብቻ ነው። እሱን ፈራሁና «ያው እንደነገርኩዎት ነው፤ የሚሻሉት ብዙ አሉ ነው ያለው» አልኳቸው።

ስልኩን መለሱልኝ። «ምስኪን ልጄ፤ ይሄን ሁሉ ዓመት በከንቱ ይለፋል» አሉ። በአምስተኛው ሳምንት ሞቱ።

ሚክያስ ለቀብር መጥቶ «አንድ ቀን እንኳ አላመነብኝም» ብሎ ትከሻዬ ላይ አለቀሰ። እኔስ ምን አልኩ? አባዬ ጠባያቸው ነው አልኩ። ውሸቴን መልስ መስጠት በማይችሉት ሰውዬ ላይ ደፈደፍኩት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደወለ። ውሉን እንዲያድስ እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጥተውታል። ላቆም ነው መሰለኝ አለኝ፤ ምናልባት አባቴ ልክ ነበር አለኝ። እኔ «አስብበት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ይቅር በሉኝ አልልም። የበደልኩት እናንተን አይደለም፤ ይቅር ማለትም የናንተ ድርሻ አይደለም። ደግሞም ገና አልታረምኩም። ይህን ሁሉ የጻፍኩት በአማርኛ ነው። ወንድሜ አማርኛ ማንበብ አይችልም፤ ይህንንም አውቄ ነው የጻፍኩት።